ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሲሳሳት፦ ለመኪናና ለቤት ጥገና ችግርና መፍትሄ

ሳይነካ ከርቀት ሙቀት የሚለካውን የዚህን መሣሪያ ባትሪ መቀየሩን፣ ሴልሺየስና ፋራናይት መለየቱን፣ የቆሸሸ ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ መጥረጉን ታውቁታላችሁ። እሱን እንዝለለው። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል፣ እስኪ እየው" ተብሎ ከሚመጣልኝ መለኪያ አብዛኛው ደህና ነው። ችግሩ አለካኩ ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ ሲጀመር የተገዛው ለሌላ ሥራ የተሠራ ዕቃ ነው።

ምልክት፦ ሞተሩ እየፈላ መለኪያው 40 ምናምን ይላል

ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። አንድ የአዘዞ ሚኒባስ ሹፌር መኪናው እየፈላበት የዳሽቦርዱን ሴንሰር አስቀይሯል፤ ምክንያቱም ቴርሞሜትሩን የቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚከፍተው ቫልቭ) አሉሚኒየም ቤት ላይ ሲደግነው 45 ይለዋል፣ እሱም "ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጌጁ ነው የሚዋሸው" ብሎ ደመደመ። እዚያው አሉሚኒየም ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጥፈን ትንሽ ጠብቀን ስንለካ 98 ሆነ። ሴንሰሩ ምንም አልነበረበትም። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መለኪያው ብረቱን አይነካውም። ከብረቱ ገጽ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው የሚያነበው። ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ሸክላ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ጨረሩን በደንብ ይለቃሉ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና መዳብ ግን ይሰስታሉ፤ ጭራሽ እንደ መስታወት የአካባቢውን ሙቀት መልሰው ያሳያሉ። ይህ የመልቀቅ አቅም ኢሚሲቪቲ ይባላል፣ ከ0 እስከ 1 ይለካል። ርካሾቹ መለኪያዎች 0.95 ላይ ተቆልፈው ይመጣሉ። የተወለወለ አሉሚኒየም ከ0.1 በታች ነው። እንዲህ ተለያይተው እንዴት ይግባቡ?

መፍትሄው ርካሽ ነው። ጥቁር ናስትሮ ቆርጣችሁ፣ ብረቱን ከዘይት አጽድታችሁ፣ አየር ሳይገባበት ለጥፉ። ሙቀቱ እስኪደርሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ተጠግታችሁ ለኩ። ወይም ብረቱን ትታችሁ የራዲያተሩን ጎማ ቱቦ ለኩ፤ ከውስጡ ውሃ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አያታልልም። ብርማ ቀለም የተቀባ ነገር ግን አትመኑ፣ እሱም ይሰስታል።

ናስትሮ ጭስ ማውጫ ላይ አይለጠፍም። ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ይጨሳል። እዚያ ሙቀት የሚችል፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡ። ሌላ ቦታም ናስትሮ የሚለጠፈው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ እጃችሁን ወደዚያ አታስጠጉ። ቀበቶ አጠገብ ናስትሮ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰውም አይቻለሁ። አይ ሰው!

ይሄው ጉድ ቤት ውስጥም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሰካበት ብሬከር ይሸታል ተብዬ ሄድኩ። የቤቱ ልጅ የመዳብ ብሎኑን ለክቶ "34 ነው፣ ሰላም ነው" ይለኛል፤ ጎኑ ያለው ፕላስቲክ ግን ጠይሟል። ፕላስቲኩን ስንለካው ከ90 አለፈ። ብሎኑ ላልቶ ነበር፤ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ የሚችል ዕቃ ነው፣ የላላ ብሎን አይምርም። እዚህ ናስትሮ እለጥፋለሁ ብላችሁ መብራት ያለበትን ብሎን እንዳትነኩ! ፕላስቲኩን መለካት ይበቃል። ለማጥበቅ ደግሞ ዋናውን አጥፉ።

ምልክት፦ የፈላ ውሃ 93 አካባቢ ያሳያል

ልክ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ገደማ ላይ ነው። 100 የሚል መለኪያ ካያችሁ እሱን ነው መጠርጠር ያለባችሁ። በእንፋሎት ውስጥ ግን አትለኩ፣ ሌንሱን ያልበዋል። የተሻለው ፈተና በረዶና ውሃ ቀላቅሎ እያማሰሉ መለካት ነው፤ 0 አካባቢ፣ ሁለት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም።

ይህች 93 ለመኪናችሁም ትጠቅማለች። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ100 በላይ ሄዶም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ሲሞት ግን እዚህ ከተማ 93 ላይ መፍላት ይጀምራል፤ ብዙ ቴርሞስታቶች ደግሞ የሚከፍቱት 82 እና 88 መካከል ነው። በመሀላቸው ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ታዲያ መካኒኩ ምን ያደርጋል? ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል! መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ። ሲሞቅ ደግሞ አትክፈቱት፣ ፊት ያቃጥላል።

ምልክት፦ ቆሞ ሲለኩት ሌላ፣ ጎንበስ ብለው ሲለኩት ሌላ

ቀዩ ነጥብ አይለካም፣ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳየው። መለኪያው የሚያየው ክብ አለ። የርቀቱና የክቡ ስፋት ንጽጽር 12 ለ 1 ከሆነ ከ1 ሜትር ከ20 ርቀት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያያል፤ ከዚያ ውስጥ ያለውን ሁሉ አማካይ ያወጣል። ሊማሊሞን ወርዶ ፍሬኑን በቸርኬው ቀዳዳ ቆሞ የሚለካ ሰው ቸርኬውንም አየሩንም አብሮ እየለካ ነው። ተጠጉ። የዲስክ ገጽ ስለሚያብረቀርቅ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን እዩ፤ ግራና ቀኙን በተመሳሳይ ርቀት ለክታችሁ አንዱ በጣም ከበለጠ ፍሬኑ ሳይለቅ ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ነው። በጣም የቀዘቀዘው ደግሞ ጨርሶ እየያዘ ላይሆን ይችላል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል።

ምልክት፦ ቁጥር ሳይሆን "ሃይ" ወይም "ሎ" ይጽፋል

በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ዓይነት ነው። ከ32 እስከ 43 አካባቢ ብቻ ያነባል። ለሞተር አይሆንም።

በመስታወት አሻግሮ መለካት፦ የምትለኩት መስታወቱን ነው። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሙቅ አምጥቶ ወዲያው መለካት፦ ግማሽ ሰዓት ያህል ቦታውን ይልመደው።

ለመግዛት

ኢሚሲቪቲው የሚስተካከል፣ ቢያንስ 12 ለ 1፣ ለራዲያተርና ለምጣድ እስከ 380 ይበቃል፣ ጭስ ማውጫ የሚለካ ሰው 550 የሚደርሰውን ይውሰድ። ሌዘሩን ለልጅ መጫወቻ አትስጡ፣ ዓይን ይጎዳል። ካርቶኑ ላይ "ይስተካከላል" ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ምንም የሌለው ዕቃ ሞልቷል። ፒያሳ ስትገዙ ትኩስ ሻይ አስመጡ። ብርጭቆውን 0.95 ላይ ለኩት፣ ከዚያ 0.50 አድርጋችሁ ድገሙት። ቁጥሩ በግልጽ ወደ ላይ መዝለል አለበት። ካልዘለለ ቁልፉ ለጌጥ ነው፤ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።