ፓድ ቶሎ ያለቀው ሁሉ ፓዱ ስላልረባ አይደለም

ጅማ ላይ ሞተር የሚነዳ ሰው የኋላ ፍሬኑ ፓድ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት (ዲስኩን) ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል፣ ቶሎ ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚያማው ዕቃውን ነው። «ኮፒ ሸጡልኝ!» ይልና ሌላ ይገዛል። ያኛውም ሳይቆይ ያልቃል። ገበያው ላይ ኮፒ የለም እያልኩ አይደለም። ግን ብዙውን ጊዜ ፓዱን የሚበላው ያልለቀቀ ካሊፐር (ፓዶቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል) ነው፣ አለዚያም ከፔዳሉ ያልተነሳ እግር። የምጽፈው የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ ለሆነ ሞተሮች ነው። እንደ ቦክሰር የኋላው ባለ ሸራ የሆነ ሞተር ያላችሁ፣ ስለ እግር የምለው እናንተንም ይመለከታል።

ከእግር እንጀምር። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ሲወርዱ ሞተረኞቹን እዩአቸው። ብዙዎቹ ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ቀኝ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው። «ረገጥ አላደረግኩም፣ አሳርፌ ብቻ ነው» ይላሉ። ለፓዱ ግን ያው ነው። ዲስኩን እየነካ ይግላል፣ ይሳሳል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ፍሬኑን ስትፈልጉ ብቻ ረግጣችሁ ልቀቁ።

ከእግርም የባሰ አለ፤ እሱን የሚያመጣው ጋራዥ ነው። «ፍሬኑ ቶሎ እንዲይዝልህ» ተብሎ የፔዳሉ ክፍተት፣ ፍሬን ሳይዝ ባዶውን የሚወርድበት፣ እስከ መጨረሻው ይጠበባል። ፔዳሉ ሲለቀቅ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ትንሽ ቀዳዳ ፔዳሉ በሚገፋው ፓምፕ ውስጥ አለች። ክፍተት ከሌለ ቀዳዳዋ እንደተዘጋች ትቀራለች። ስትነዱ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ መመለሻ ያጣል። እናንተ ሳትረግጡ ፍሬኑ ራሱን ይይዛል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከጉዞ ስትመለሱ የኋላ ጎማው በእጅ ሲዞር ይከብዳል፣ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። እንዲህ ካያችሁ ፓድ ለመግዛት አትቸኩሉ። ፔዳሉ ፍሬን ከመያዙ በፊት ትንሽ ባዶ መውረድ አለበት።

ሌላው ስህተት ያለቀውን ፓድ ሳያዩ መጣል ነው። ሁለቱን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ካሊፐሩ ፓዱን የሚገፋው ፒስተን በአንድ ጎን ብቻ ያለው፣ በፒን ላይ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱ ፓዶች ተቀራራቢ ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል። በፒስተኑ በኩል ያለው ሳስቶ የወዲያኛው ወፍራም ከሆነ ፒኖቹ ደርቀዋል ወይም ዝገዋል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። አዲስ ፓድ ብታስገቡም ያው ይደገማል። ፒኖቹን አውጥታችሁ አጽዱና ሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀቧቸው። ለኩሽኔታ የሚሆነውን ተራ ግራሶ እንዳትነኩት፤ የፒኖቹን መከላከያ ጎማ ያሳብጠዋል።

ለእኔ ዋናው ጥፋት ግን ጭቃ የያዘ ፒስተንን በካቻቢቴ ገፍቶ ማስገባት ነው። ፓድ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ እየወጣ ይመጣል። ጎማው የሚረጨው የጅማ ቀይ ጭቃ የወጣው ክፍል ላይ ተለጥፎ ይደርቃል። ክረምቱ እዚህ ረጅም መሆኑን ለናንተ አልነግራችሁም። አዲስ ፓድ ለማስገባት ፒስተኑ ሲገፋ ያ አፈር አብሮ ይገባና ጎሚኒውን፣ ፒስተኑን የከበበውን የጎማ ቀለበት፣ ይፍቃል። ፍሬን ሲለቀቅ ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ የሚስበው ደግሞ ያው ጎሚኒ ነው። እሱ ከተበላሸ ወይ ዘይት ያፈሳል፣ ወይ ፒስተኑ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን እጠቡ፣ አድርቁ፣ በንጹሕ ፍሬን ዘይት አርጥቡና በእጅ ግፉት። በእጅ አልገባ ካለ ካሊፐሩ ይፈታ። በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ ጎሚኒውን ያበላሻል። ፓዶቹ ወጥተው ሳለ ደግሞ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፣ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

የፍሬን ዘይት ጎደለ ብሎ መጨመርም አለ። ፓድ ሲያልቅ ዘይቱ መውረዱ ያለ ነው። ሞልታችሁት ከሆነ አዲስ ፓድ ሲገባ ትርፉ ይፈስና የሞተሩን ቀለም ይልጣል። ስለዚህ ሲጎድል መጀመሪያ ፓዱን እዩ፣ ቀጥሎ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። የምትጨምሩት ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ነው፣ ብዙ ጊዜ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ ከቆየ ጠርሙስ የሚቀዳላችሁን አትቀበሉ።

ካቴናን በተቃጠለ ዘይት ማራስ፣ ላቫጆ ቤት የኋላውን በናፍጣ ማስረጨት፦ ሁለቱም ዲስኩን በቅባት ይነካሉ። ቅባት የጠጣ ፓድ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ አይድንም፣ ቀይሩት።

«ብረት ለብረት ሲጮህ እቀይራለሁ» የሚሉም አሉ። ያን ጊዜ ዲስኩ ተቦርቡሯል፣ ዲስክ ደግሞ ከፓድ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። በስልካችሁ መብራት ከኋላ በኩል አጎንብሳችሁ እዩ። ፓዱ ላይ የተቀረጸው የመለኪያ መስመር ከጠፋ፣ ወይም የቀረው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ጊዜው ነው። ዲስኩም ከስንት በታች መሳሳት እንደሌለበት ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ተቀርጿል።

ፓዱ ተገጥሞ አለቀ? ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እስኪጠነክር። የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ነው የሚወርደው። ይህን ረስቶ ከጋራዡ በር ቀጥታ አስፋልት የሚገባ ሰው ፍሬን የለውም። ከዚያ እዚያው ከተማ ውስጥ ረጋ ብላችሁ እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ አለማምዱት። አዲስ ፓድ አስገብታችሁ በዚያው ሰዓት ሰው ጭናችሁ ወደ አጋሮ አትውጡ።