ሻዩ ቀዝቅዞ ሲመጣ፦ በትልቅ ሆቴል ቅሬታን በወቅቱ ማቅረብ

አክስቴ የ74 ዓመት ሴት ናቸው። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ለዓይን ሕክምና ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ተነሥተው፣ በሞላሌና በመዘዞ አድርገው ጣርማበር ላይ ዋናውን መንገድ ይዘው ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ገቡ። እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሕክምናው በደኅና ሲያልቅ፣ ሰው እያስተናገዳቸው በክብር ተቀምጠው ሻይ እንዲጠጡ ፈለግሁና ከከተማው ትልልቅ ሆቴሎች ወደ አንዱ ይዣቸው ሄድሁ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አክስቴ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ እኛ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሱም።

ወጣቱ አስተናጋጅ የዋጋ ዝርዝሩን ለእኔ ብቻ ሰጠኝ። አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «እሷስ ምን ትጠጣለች?» አለኝ። እኔም «ሻይ» ብዬ መለስሁ። ብስኩቱ የጾም እንደሆነ ስጠይቀው «አዎ» አለ። ከ35 ደቂቃ በኋላ ሁለት ሲኒ ለብ ያለ ውኃ መጣ፤ በክር የታሰረችው የሻይ ቅጠል ከረጢት ከጎን ማስቀመጫው ላይ እንደደረቀች ተኝታለች። ብስኩቱ ከሩቅ ቅቤ ቅቤ ይላል። አክስቴ አንዱን አንሥተው አሸተቱትና በቀስታ መለሱት። «ጠግቤያለሁ» አሉ።

ሂሳብ ከፍዬ፣ ጉርሻ ጨምሬ ወጣን። በመንገድ ላይ በዚያ በደብረ ብርሃን ንፋስ ውስጥ «ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ዝም አይነቅዝም ልጄ» አሉኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል የሻይ ክፍልና የምግብ አዳራሽ 17 ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ብርጭቆ ከማጠብ ተነሥቼ የአስተናጋጆች ኃላፊ እስከመሆን ደርሻለሁ። ምን ማለት እንደነበረብኝ፣ ለማንና በየትኛው ደቂቃ እንደነበር አውቃለሁ። አፌን የያዘኝ ይሉኝታ ነው። ብዙዎቻችንን የሚይዘን እሱው ነው፤ በሆቴሉ ዝም እንልና ቤታችን ገብተን ለሳምንት እናወራዋለን። ቤት ውስጥ የሚነገር ቅሬታ ደግሞ ለሚቀጥለው እንግዳ አንዲት ሙቅ ሲኒ አያመጣለትም።

ከማዘዝ በፊት

የሰዓቱ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በብዙ ሆቴሎች የጠዋቱ ፈረቃ ለከሰዓቱ የሚያስረክበው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ሰዓት የገባ እንግዳ የማንም እንግዳ አይደለም፤ የሚወጣው አስተናጋጅ ሂሳቡን ይዘጋል፣ የሚገባው ገና ልብሱን ይቀይራል። ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ሂዱ። ከበር ራቅ ያለ፣ ነገር ግን አስተናጋጆቹ ከሚቆሙበት የሚታይ ጠረጴዛ ምረጡ።

አዛውንት ይዛችሁ ከሄዳችሁና አስተናጋጁ እኔን እንደጠየቀኝ ከጠየቃችሁ፣ እኔ የሠራሁትን አትሥሩ። እሳቸውን ወክላችሁ አትመልሱ። በለሰለሰ ድምፅ «እሳቸውን ጠይቃቸው» በሉት። ሁለት ቃል ናቸው፤ ግን «ትጠጣለች» የሚለውን «ይጠጣሉ» ወደሚለው ይመልሱታል። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ የሚከፍለውን ሰው ብቻ እንዲያይ ያሠለጠኑት ይሆናል። እኔም በኃላፊነቴ ዘመን ይህን ጥፋት ከአንድ ጊዜ በላይ ያረምሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል፣ ፊቱም ይለወጣል።

የጾም ነገር ላይ ደግሞ «የጾም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ ይጋብዛል፤ ወጣቱ አስተናጋጅ ሥጋ የለውም ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አለበት?» ብላችሁ አንድ በአንድ ጥሩ። ካላወቀ ማብሰያ ክፍል ገብቶ እንዲጠይቅ ለምኑት፤ ትዕዛዙን በሚጽፍባት ቁራጭ ወረቀት፣ በቦኖው ላይም «ጾም» ብሎ እንዲጽፍ አድርጉ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የተፈጠሩት በእንግዳውና በአስተናጋጁ መካከል አልነበረም፤ አስተናጋጁ የሰማውን ነገር ያቺ ቁራጭ ወረቀት ሳትይዘው በመቅረቷ ነው። ኬክ ጋጋሪው ያላነበበውን አይሠራም።

የሻዩ ጉዳይ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ በራሱ ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ የሚጫነው ክብደትም እየቀነሰ ስለሚሄድ ውኃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እኛ ዘንድ ወደ 91 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያነዱበት እንፋሎት ይሆናል እንጂ አይሞቅም። ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትገቡ ያው ውኃ ወደ 96 ዲግሪ ይደርሳል። ጥቁር ሻይ ደግሞ ጣዕሙንና ቀለሙን በደንብ የሚለቀው በጣም በጋለ ውኃ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ውኃው ገና ከመነሻው 91 ነው። ከቡና ማሽኑ ተቀድቶ በቀዝቃዛ ሸክላ ሲኒ ውስጥ ሲገባ ሲኒው ሙቀቱን ይጠጣዋል። በትሪ ላይ ሆኖ አዳራሹን ያቋርጣል። ከረጢቷ ከጎን ስለተቀመጠች እስክትነከር ድረስ ሌላ ደቂቃ ያልፋል። ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው የእጅ መታጠቢያ ውኃ ነው። ለአክስቴ የቀረበው ይህ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ስታዝዙ እንዲህ በሉ፦ «ሲኒው በሙቅ ውኃ ይለቅለቅ፤ ቅጠሉ ቀድሞ ይግባ፤ ውኃው እየፈላ ይፍሰስበት።» ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ማንኛውም የሠለጠነ ሻይ አፍይ የሚያውቀው ነው። ሲመጣላችሁ በሲኒው ማስቀመጫ ክደኑትና አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡት፤ ቆላ ለሚኖር ሰው ሦስት ደቂቃ የሚበቃው እኛን አይበቃንም። ካላቸው በበራድ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ፤ በራድ ከሲኒ ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

የእኔ ምክር ግን ከዚህም ይቀላል፦ በእሳት ላይ የፈላ የቅመም ሻይ እዘዙ። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ ከቅጠሉ ጋር ድስት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲንፈቀፈቅ የዲግሪውን ጉድለት ጊዜው ያካክሰዋል። በዚህ ከፍታ የእናቶቻችን ማፍያ መንገድ ከባሕር ማዶ ከመጣው የከረጢት ሻይ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጦስኝ ካላቸውማ አትለፉት፤ የመንዝ ሰው የጦስኝን ሽታ በሲኒ ውስጥ ሲያገኘው አገሩ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ሲበላሽ ምን ይባላል?

በመጀመሪያው ጉንጭ ተናገሩ። ሲኒውን አጋምሶ «ቀዝቃዛ ነበር» የሚል እንግዳ ትክክል ቢሆንም ማንም አያምነውም። አስተናጋጁን በእጅ ምልክት ጥሩት፤ አታጨብጭቡ፣ አትጩኹ። ቀርቦ ሲቆም የሆነውንና የምትፈልጉትን ብቻ ንገሩት፦ «ሻዩ ቀዝቅዟል፤ እባክህ በፈላ ውኃ እንደገና ይሠራልን።» ወይም «ብስኩቱ ቅቤ አለበት፤ እኛ የጾም ነው ያዘዝነው። ይነሣልንና ከሂሳቡ ይውጣ።» በዚህ አበቃ። «ይህ ምን ዓይነት ሆቴል ነው!» የሚለው ንግግር ልብ ያሳርፍ ይሆናል፤ አስተናጋጁን ግን ምን ይዞ ወደ ማብሰያ ክፍል እንደሚገባ ግራ ያጋባዋል።

«እሺ» ብሎ ከሄደ በኋላ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ካልመጣ ለሁለተኛ ጊዜ እሱኑ አትጥሩት፤ ኃላፊውን ጥሩ። ኃላፊ ሲመጣ ደግሞ ልጁን በእንግዶች ፊት አትክሰሱት። የእኔ አስተናጋጆች ከደመወዛቸው መቀጣትን ችለዋል፤ በሰው ፊት መዋረድን ግን ረስተው አያውቁም፣ ከዚያ በኋላም ያንን እንግዳ በፍቅር አላስተናገዱትም። ከተቻለ ተነሥታችሁ ወደ ጎን ወስዳችሁ አነጋግሩት። የደረሰባችሁን በሰዓት ተናገሩ፦ አሥር ሰዓት ላይ አዘዝን፣ አሥር ሰዓት ከ35 መጣ፣ ይህ ይህ ጎደለው። ሰዓት የያዘ ቅሬታ አይካድም።

ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ቀና ብላችሁ «ጣመዎት?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ «ጠግቤያለሁ» ካሉ አትመኑ። የመንዝ እናት በሰው ቤት ጎደለኝ አትልም። ሰሐኑን እዩ፤ መልሱ እዚያ ነው።

ሂሳቡ

በትልልቅ ሆቴሎች ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፤ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። 250 ብር የተጻፈ ሻይ 25 ብር አገልግሎት ሲታከልበት 275፣ ታክሱ 41 ብር ከ25 ሲታከል 316 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። የአገልግሎት ክፍያው ጉርሻ አይደለም፤ ስለ አገልግሎቱ አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ገንዘብ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ ከጎደለ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከሂሳብ ይወጣል የተባለው መውጣቱን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ፤ የማሽን ደረሰኙንም ያዙ።

ሆቴሉ ጆሮ ካልሰጠ በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የጠረጴዛ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የሆነው ነገርና የምትጠይቁት ነገር ይኑርበት። አንድ ገጽ አይለፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው በግልጽ ደንግጓል። ይህን ቁጥር በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ክብር የተጻፈ መብት መሆኑን ማስታወስ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። እኔ እዚያ አልደረስሁም።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤዬን ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ይዤ ሄድሁና ሥራ አስኪያጁን በአካል አገኘኋቸው። ገንዘብ እንዲመለስልኝ አልጠየቅሁም። «አክስቴ ቅዳሜ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ነገ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ይዣቸው እመጣለሁ፤ የጾም ቀን ነው፤ የምፈልገው እሳቸው እንዲጠየቁ ነው» አልኋቸው። አንብበው ዝም አሉና በራሳቸው እጅ ከደብዳቤው ጥግ ላይ «ዓርብ 10 ሰዓት፣ ጾም» ብለው ጻፉ።

ዓርብ ያው ልጅ ነበር ተረኛው። ዝርዝሩን ይዞ መጣና በአክስቴ በኩል ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ምን ይጠጣሉ?» አላቸው። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ «አንብብልኝ» አሉት። ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው፤ እሳቸውም ሳይቸኩሉ እስኪጨርስ ሰሙት።

«የቅመሙን ሻይ» አሉ በመጨረሻ። «ስኳር ሁለት። በሲኒ አይሁን፣ በብርጭቆ አድርግልኝ፤ መልኩን ልየው።»