ቫይረስ ገዳይ ኬሚካል ሲፈተሽ የሚሠሩ ስህተቶች

አዳማ ላይ በረኪና ወይም ሳኒታይዘር የማይሸጥ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። «99.9% ይገድላል» የሚለውን ጽሑፍ ግን ማመን የምንችለው ላቦራቶሪው በትክክል ከፈተሸ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠሩ እነዚህን ልብ በሉልኝ።

ቀላሉን ቫይረስ መርጦ ስለ ሁሉም መናገር አንዱ ስህተት ነው። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ ከላያቸው የስብ ሽፋን ስላላቸው አልኮል ቶሎ ያፈርሳቸዋል። ፖሊዮ፣ አዴኖና ኖሮ ሽፋን የላቸውም፤ በዋዛ አይበገሩም። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 14476 አንድን ኬሚካል ያለ ገደብ «ቫይረስ ገዳይ» ለማለት በፖሊዮ፣ በአዴኖና በአይጥ ኖሮቫይረስ ላይ እንዲያልፍ ይጠይቃል። በኮሮና ላይ ብቻ ከፈተሻችሁ፣ ያንኑ ጻፉ።

ሁለተኛው ኬሚካሉን በሰዓቱ አለማስቆም ነው። የ1 ደቂቃ ፍተሻ ብላችሁ የቫይረሱንና የኬሚካሉን ድብልቅ እንዳለ ቫይረሱ በሚያድግበት ሴል ላይ ብትጨምሩት መግደሉን ይቀጥላል። ጊዜው እንደሞላ ወዲያው በበረዶ በቀዘቀዘ ሚዲየም (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) አቅጥኑት። የበረኪናን ክሎሪን ለማስቆም ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባለው ጨው ይሠራል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የሴል መመረዝ ነው። ኬሚካሉ ቫይረሱን የምናሳድግባቸውን ሴሎችም ይገድላል። በማይክሮስኮፕ ስታዩአቸው ተኮማትረው፣ ክብ ሆነው፣ ከፕሌቱ (ከሚያድጉበት ሳህን) ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ቫይረስ የገደላቸውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚመስሉት። በሞተ ሴል ላይ ደግሞ ቫይረስ አያድግም። ስለዚህ ኬሚካሉን ያለ ቫይረስ ለብቻው ሴሎቹ ላይ ሞክሩት። በሚሊ ሊትር 1,000,000 ቫይረስ ይዛችሁ ጀመራችሁ እንበል። በመመረዙ ምክንያት ከ1,000 በታች ያለውን ማየት ካልቻላችሁ፣ መመስከር የምትችሉት 3 ሎግ ቅናሽ ብቻ ነው (አንድ ሎግ ማለት በአሥር እጥፍ መቀነስ ነው)። መለኪያው የሚፈልገው 4 ሎግ፣ ማለትም 99.99% ነው። «ምንም አልተገኘም» ብሎ 6 ሎግ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው። መፍትሔው በርከት ካለ ቫይረስ መጀመር ወይም ኬሚካሉን ከቫይረሱ በሚለይ የጄል ማጣሪያ ማስወገድ ነው። ደኅና የሚመስሉት ሴሎችም ቫይረሱን መቀበላቸውን አረጋግጡ፤ ይህ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ ፍተሻ) ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብቻ መፈተሽም አይበቃም። ደምና ፕሮቲን ክሎሪንን ይበሉታል፤ ለዚህ ነው በፍተሻው ላይ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን የሚጨመረው።

የአዳማን ሙቀትም አትርሱ። ፍተሻው በ20 ዲግሪ እንዲሆን ተጽፎ ክፍሉ 28 ከደረሰ፣ ብዙዎቹ ኬሚካሎች ከአቅማቸው በላይ ጎበዝ ይመስላሉ። ቱቦዎቹን ሙቀቱ በሚስተካከል የላቦራቶሪ የውሃ ገንዳ (ዋተር ባዝ) ውስጥ አቆዩ። በረኪና ደግሞ በሙቀትና በፀሐይ ኃይሉን ያጣል። የጠርሙሱን ጽሑፍ አትመኑ። ክሎሪኑን በፍተሻው ዕለት ለኩና ሪፖርቱ ላይ አስፍሩት።