ትልቅ ቸርኬና ዝቅ ያለ መኪና፦ የውድድር ጌም ላይ የቱ ይጠቅማል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ የተጫነ አይሱዙ ከፊታችሁ ሲታጠፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኩርባው ላይ ሲደርስ ጭነቱ ወደ ውጪ ያጋድላል። የውጪው ጎማ ጎኑ አብጦ ይጨፈለቃል፣ የውስጡ ደግሞ አስፋልቱን ለወግ ያህል የነካ ይመስላል። ሹፌሩ ይሄን ስለሚያውቅ ነው ማርሽ ቀንሶ፣ ሰፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ የሚታጠፈው። ጌም ላይ የምትነዱት መኪናም የሚሆነው ይሄንኑ ነው፤ እናንተ ወንበር ላይ ስለሆናችሁ ሰውነታችሁ አይሰማውም እንጂ።

ይሄን የምጽፈው ደሴ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ በየቀኑ አንድ ነገር ስለማይ ነው። ልጆቹ መኪና ይገዛሉ፣ ቀጥታ ወደ ቸርኬ ይሄዳሉ፣ ትልቁን ይመርጣሉ፣ ከዚያ መኪናውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጉታል። ያምራል፣ እውነት ነው። ግን ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግድግዳ ይመታሉ። ከዚያ "ይሄ መኪና አይረባም" ተብሎ ይሸጣል። መኪናው ግን ምንም አልነበረበትም።

መጀመሪያ ከፍታውን እንያዝ፣ ዋናው እሱ ነው። ጌሙ ራይድ ሃይት ይለዋል። የመኪናው ሆድ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ማለት ነው። ዝቅ ማለቱ ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር ላሳያችሁ። መኪናው 1200 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የክብደቱ መሃል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር አለ። ቆሞ እያለ በየጎኑ 600 ኪሎ ያርፍበታል። አሁን ኩርባ ውስጥ ገባችሁና ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የመኪናውን ክብደት አከለ፣ 1 ጂ የሚባለው ማለት ነው። ያኔ 400 ኪሎ ከውስጥ ጎማዎች ለቆ ወደ ውጪዎቹ ይሻገራል። ውጪ 1000፣ ውስጥ 200 ቀረ። የክብደቱን መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ብታወርዱት የሚሻገረው 360 ይሆናል። ውጪ 960፣ ውስጥ 240።

40 ኪሎ ምን ታመጣለች እንዳትሉ። ጎማ ጭነቱ እጥፍ ሲሆንበት መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፣ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ሸክሙን አራቱም ሲካፈሉት መኪናው በድምሩ የበለጠ ይይዛል። ያንኑ ጭነት አራት ሰው ሲሸከመውና ሁለት ሰው ሲንገታገትበት አንድ አይደለም።

ታዲያ ለምን እስከ ታች አናወርደውም? ሾኩ መውረጃ ስለሚያጣ ነው። ኩርባ ላይ ያለችዋን ቀይና ነጭ ጠርዝ ስትረግጡ ጎማው ወደ ላይ መሸሽ አለበት፣ መሸሻው ግን አልቋል። ሆዱ መሬት ይመታል፣ ጆይስቲኩ እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማዎቹ ለቅጽበት ይለቃሉ፣ ከዚያ ሳታስቡት ኋላው ተሽከርክሮ ፊታችሁ ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ "ጋዝ አበዛሁ" ብሎ ነው የሚያስበው። ጋዙ አይደለም። ከፍታው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ትራክ ምረጡ፣ ሌላውን ነገር ሁሉ አትንኩ። ጌሙ በሰጣችሁ ከፍታ ሦስት ዙር ንዱና ሰዓታችሁን ያዙ። ከዚያ ፊትና ኋላውን እኩል 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ሦስት ዙር። እንደገና 5። ትራኩ ላይ ካለው መጥፎ ጉብታ ላይ ሆዱ ሲነካ ወይም መኪናው ሲዘል እስክታዩ ድረስ ቀጥሉ። ስትደርሱበት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። በቃ፣ ለዚያ ትራክ ከፍታችሁ ይሄ ነው። ከፍታውን ከያዛችሁ በኋላ ሞላውን ትንሽ ማጠንከር እንዳትረሱ፣ የቀረችው መንቀሳቀሻ አጭር ስለሆነች ቶሎ እንዳታልቅ የሚይዛት ሞላው ነው። ፎርዛ ላይ የምትጫወቱ ደግሞ ቴሌሜትሪውን፣ ማለትም የመኪናውን ሁኔታ እየነዳችሁ የሚያሳየውን ገጽ፣ ክፈቱት፣ ሾኩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ፊትና ኋላ የግድ እኩል መሆን አይጠበቅባቸውም። መታጠፊያ ላይ አፍንጫው አልታዘዝ ብሎ ወደ ውጪ የሚሄድ ከሆነ ፊቱን ከኋላው 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ኋላው እየሸሸ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ተቃራኒውን። በተለይ ክንፍና ስፖይለር ያላቸው ፈጣን መኪኖች ላይ ይቺ ትንሽ ልዩነት ብዙ ትናገራለች፣ ከስር የሚያልፈው አየር መኪናውን ወደ መሬት የሚስብበት መጠን ስለሚቀየር። ፎርሙላ 1 ራሱ 2022 ላይ በዚህ ተፈትኗል። አዲሶቹ መኪኖች ከስር በሚያልፍ አየር እንዲሳቡ ተደርገው ተሠሩ፣ መሬት ተጠግተው ሲበሩ ደግሞ ቀጥታው መንገድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይነጥሩ ጀመር።

ኮሮኮንች ላይ ነገሩ ሁሉ ተቃራኒ ይሆናል። ደርት ራሊ ወይም ስኖውራነር የምትጫወቱ ከፍ አድርጉ፣ ጌሙ ከፈቀደላችሁ ሞላውንም አላሉት። ክረምት ላይ ጭቃ የገባ ሰው ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስኖውራነር ላይ ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ጎን ለጎን ያዘነበለ ቦታ ላይ መገልበጥ ይቀላል፣ ስለዚህ ዳገቱን ፊት ለፊት ውጡት።

አሁን ወደ ቸርኬው። ሰው የሚያምታታው ቸርኬና ጎማ፣ ማለትም ብረቱና ላስቲኩ፣ ሁለት ነገር መሆናቸውን ስለሚረሳ ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ጎማው ላይ 205/55 አር 16 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። 205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 55 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው፣ ወደ 113 ሚሊ ሜትር። 16 የቸርኬው ኢንች። አሁን 225/40 አር 18 አድርጉት። ጎኑ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሙሉው ጎማ ግን ከጫፍ ጫፍ ያው 63 እና 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው! ያደገ ነገር የለም። 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ወጥቶ በቦታው ብረት ገባ።

ብረቱ ምን ያደርጋል? ጎኑ አጭር ስለሆነ አይታጠፍም፣ መሪውን ስትነኩት መኪናው ወዲያው ይመልሳል። ይሄ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ጉብታ አይውጥም፣ ሲለቅም ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ክብደቱም ይጨምራል፣ ያውም መጥፎ ቦታ፣ ጠርዙ ላይ። ያው ክብደት ከመሃሉ ሁለት እጥፍ ቢርቅ ለማዞር አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ስትነሱም ፍሬን ስትይዙም ትዘገያላችሁ።

የራሊ ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ላይ ያው አንዱ መኪና ለአስፋልት 18 ኢንች፣ ለኮሮኮንች 15 ኢንች ቸርኬ ይገባለታል። ኮሮኮንች ላይ የሚፈለገው ወፍራም የጎማ ጎን ነው። እናንተም እንደዚያው አስቡ። ለስላሳ ትራክ ከሆነ አንድ ኢንች መጨመር ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን ለፎቶ ካልሆነ አልመክርም። አቅሙ ትንሽ የሆነ መኪና ከያዛችሁ ጭራሽ አትንኩት። ገንዘቡን ለተሻለ ጎማ አውሉት፣ ለስላሳና የሚይዝ ጎማ ከማንኛውም ቸርኬ ይበልጣል።

ቢምኤንጂ ዓይነት ጌም ላይ ግን ሙሉውን ጎማ ማሳደግ ትችላላችሁ። ያኔ ሌላ ነገር ይመጣል። 63 ሳንቲ ሜትር የነበረውን 70 ብታደርጉት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር የነበረው 2.2 ይሆናል። ማርሹ ሁሉ እንደረዘመ ቁጠሩት። ቀጥታው ላይ ፍጥነት ታገኛላችሁ፣ ሲነሳ ግን ይለግማል፣ ዳገት ላይማ አታንሱት። ማርሹን አሳጥራችሁ ማካካስ አለባችሁ። ደግሞ መኪናው 3.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ጎማ በቀየራችሁ ቁጥር ከፍታውን እንደገና ከመጀመሪያው መሞከር አለባችሁ። ቅደም ተከተሉም ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ከፍታ፣ ከዚያ ሞላ።

መጀመሪያ ቀን ሰዓታችሁ ባይሻሻል አብሽሩ። እጃችሁ አዲሱን መኪና እስኪለምድ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጌም ቤት የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የማስተካከያውን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የትራኩን ስምም አብራችሁ ጻፉ። ነገ ስትመጡ ሌላ ሰው ቀይሮት ታገኙታላችሁ።