«ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ

የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን እውነተኛ ታሪክ እየጻፋችሁ ከሆነ ዓመቱ ላይ መቸገራችሁ አይቀርም። «መቼ ነበር?» ስትሏቸው «ኧረ ቆየ ልጄ» ይሏችኋል፣ አለቀ። ቁጥሩን ተዉትና ሁሉም በሚያውቀው ነገር አስጠጉት። ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ? ከ77ቱ ድርቅስ? ደርግ ሲወድቅ የት ነበሩ? በሦስት ጥያቄ ከ1966 እስከ 1983 ያለው ጊዜ ይጠባል።

ከዚያ ዋናውን ጠይቁ፦ «ያኔ ማንን አዝለው ነበር?» ወሬው የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። የልጁ ስም ይመጣል፣ ከስሙ ጋር አንቀልባው፣ ሌሊት የሚያስለቅሰው የሆድ ቁርጠት፣ ጎረቤት የላከችው ጤና አዳም፣ እና እናንተ ዓመት ፍለጋ ሄዳችሁ ሙሉ ትዕይንት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው በልጅ፣ በቤትና በለቅሶ ነዋ።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው የሚጨመረው። ደግሞ ልጅ የቀበረች እናትን «ማንን አዝለው ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። ራሷ እስክታነሳው ጠብቁ።