የማሽላ አገዳ ከመከመሩ በፊት

በሐረር ዙሪያ በኅዳር ወር ማሽላ ታጭዶ ዛላው ወደ አውድማ ሲጓጓዝ፣ አገዳው አብዛኛውን ጊዜ እንደቆመ ተደግፎ በማሳው ዳር ይከመራል። ይሁን እንጂ የአገዳ ቆርቁር ትል በጋውን በደረቀው አገዳ ውስጥ አድብቶ ስለሚያሳልፍና ዝናብ ሲጥል የእሳት ራት ሆኖ ወጥቶ በአዲሱ ቡቃያ ላይ እንቁላሉን ስለሚጥል፣ አገዳውን ከመከመር አስቀድሞ ለ4 ሳምንት ያህል በማሳው ላይ በስሱ አጋድሞ ለፀሐይ ማስጣት አብዛኛውን ትል ይገድላል። የተጠረጠረውን አገዳ በቁመቱ ሰንጥቆ ማየት ይቻላል፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ቡናማ ብናኝ ከሞላው ትሉ አለ ማለት ነው። ለሰንጋ የሚፈለገው ቅጠል ግን በፀሐይ ብዛት ደርቆ እንዳይረግፍ ቀድሞ ተገፎ በጥላ ሥር ቢቀመጥ ይሻላል።

ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ማሽላ ለምለምነቱ ቢያጓጓም፣ በተለይ ድርቅ ወይም ውርጭ ከመታው በኋላ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ስለሚያመነጭ ከብትን በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከብቶች ቃርሚያ ሲለቀቁ (ፍየሎቹ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ ይቀድማሉ) ጉቶው አስቀድሞ ተነቅሎ ሊሆን ይገባል።

ከብት ያልፈለገው፣ በፀሐይ የደረቀው የአገዳ ትራፊ በቡናና በጫት ሥር ቢነጠፍ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ የአፈሩን እርጥበት ይይዛል፤ ምስጥ ወደ ግንዱ እንዳይሻገር ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ተደርጎ መነጠፍ አለበት።