የምታውቁት ባህል እንዳይሸውዳችሁ፦ ለጀማሪ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች

ይህን የምጽፈው በቅርብ ተመርቃችሁ ታካሚ ማየት ለጀመራችሁ ነው። አዲስ አበባ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ወይ ባሕር ዳር፣ ወይ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ወይ ቴል አቪቭ። ፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው አማርኛ ይናገራል፣ እናንተም ትናገራላችሁ፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ባዕድ የሆነ ባለሙያ ባህሉን እንደማያውቅ ስለሚያውቅ ቢያንስ ይጠይቃል። እኛ ግን ሰውዬው ገና «የሰው ዓይን ነው» ሲል «ገባኝ» ብለን እናልፋለን። ማንን እንደሚጠረጥር፣ ከዚያ ወዲህ የት መሄድ እንዳቆመ፣ ከማን ጋር መብላት እንደተወ ሳንሰማ እንቀራለን።

ስለዚህ ስለ ባህል የምታውቁትን ነገር ጥሩ ጥያቄ ለመጠየቅ ተጠቀሙበት። መልሱን ግን ታካሚው ይስጣችሁ።

ከአጠራር ጀምሩ

በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሰው «አንተ» ብትሉት ምናልባት ምንም አይላችሁም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ላይመጣ ይችላል። እርስዎ በሉ። «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ እናት «እማማ» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፣ ሌላዋ «ወይዘሮ» እንዲባሉ ይፈልጋሉ። የሃያ ዓመት ወጣት ደግሞ በእርስዎ ስታነጋግሩት ቃሉን የሚሰጥ ይመስለውና ይቆለፋል። እሱን አንተ ብትሉት ይሻላል። ለሰላምታም እጅ ለመዘርጋት አትቸኩሉ፣ በተለይ ሃይማኖቱ ከተቃራኒ ጾታ ጋር መጨባበጥን የማይፈቅድለት ሰው ሊሆን ስለሚችል እሱ ወይም እሷ እስኪጀምሩ ጠብቁ።

ችግሩን በራሱ አፍ ያውራው

«ምን ሆነው መጡ?» ስትሉ ብዙ ሰው ከሰውነቱ ይጀምራል። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ሰውነቴ ላይ የሚሄድ ነገር አለ። ቶሎ ብላችሁ «ይሄ ድባቴ ነው» አትበሉ። መጀመሪያ ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠይቁ፤ የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ሰውን እንዲህ ያደርጉታል። ከዚያ ስለ ሰውነቱ በደንብ ይንገራችሁ። መቼ ይብሳል? ማን ቤት ሲመጣ? ምን ካሰቡ በኋላ? ስለ ልቡ ለማውራት ብዙዎች የሚመጡበት መንገድ ይሄ ነው፤ መንገዱን ከዘጋችሁበት ወደ ልቡ አትደርሱም።

የድባቴ መመዘኛው ፒኤችኪው-9 በአማርኛ ተዘጋጅቶ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል፣ ተጠቀሙበት። ግን ወረቀቱን ሰጥታችሁ አትውጡ። «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» የሚለው ምርጫ ለብዙ ሰው አይጨበጥም። አብራችሁ አንብቡ፣ «ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አልዎት?» እያላችሁ ቁጠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ ዲኤስኤም-5 ታካሚው ችግሩን በራሱ ባህል እንዴት እንደሚያየው የሚጠይቅ 16 ጥያቄ ያለው ቃለ መጠይቅ ይዟል። ከእሱ ብዙ ዓመታት ቀድሞም አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክሌይንማን ተመሳሳይ ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ነበር። እንደ ቅጽ ደርድራችሁ አታንብቧቸው። እኔ በበኩሌ እነዚህን አስቀድማለሁ፦ ይህን ነገር እርስዎ ምን ይሉታል? ቤት ያሉትስ ምን ይሉታል? ለምን አሁን የጀመረ ይመስልዎታል? ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎት ምኑ ነው? እስካሁን የት የት ሄዱ፣ ምንስ ጠቀመዎት?

ሁለተኛዋን ጥያቄ እንዳትዘሏት። ልጅቷ «ጭንቀት ነው» ትላለች፣ እናትየው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላሉ፣ ወንድሟ ደግሞ «ስንፍና ነው፣ ስትፈልግ ይለቃታል» ይላል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ማብራሪያ አለ ማለት ነው። እናንተ ከልጅቷ ጋር ብቻ ተስማምታችሁ ብትለያዩ፣ የተስማማችሁበት ነገር ማታ ቤት ስትገባ ይፈርሳል።

አሁን ከባዱ። ፋይሉ ላይ «ዴሉዥን» (ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት) ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በሰፈሩና በእምነቱ ያሉ ሰዎች ነገሩን እንዴት እንደሚያዩት አጣሩ። ዛር አለብኝ ያለ ሰው ሁሉ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚነጥል ሕመም፣ የለበትም። ብዙዎቹ ከዚያ ሰዓት ውጭ ይሠራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ግን በሌላ በኩል የሚሠራ ስህተትም አለ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሁሉን ነገር «ባህል ነው» ብሎ ማለፍ። ወጣቱ ለወራት ከክፍሉ አልወጣም፣ ገላውን አልታጠበም፣ ሬዲዮው ስለ እኔ ያወራል ይላል፣ እኛ ደግሞ እምነቱን እናክብር ብለን ዝም ስንል ሕመሙ ሥር ይሰዳል። መለያው ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ አፍ ይገኛል። መንፈስ ሲይዝ ምን እንደሚመስል የሚያውቁ እናት «ይሄስ የምናውቀው ዓይነት አይደለም» ካሉ፣ ያን ቀን ሳታሳድሩ ከሳይካትሪስት ጋር አገናኙት።

ፀበልና ጸሎት

ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት ፀበል ሄዷል፣ ወይም ሼህ ዘንድ ቀርቦ ቁርኣን ተቀርቶበታል፣ ወይም ቸርች ተጸልዮለታል። ይህን እንዲደብቃችሁ አታድርጉ። «አሁንም እየሄዱ ነው?» ስትሉ ድምፃችሁ የሚፈርድ ከሆነ «አይ፣ ትቼዋለሁ» ይላችኋል፣ ቅዳሜ ግን እንጦጦ ነው። ይልቅ «ፀበሉ ምን አደረገልዎት?» በሉ። ከልብ ከጠየቃችሁ ብዙ ትሰማላችሁ። እዚያ ብቻውን እንዳልሆነ፣ ሌሎች ሕመምተኞች እንደተረዱት፣ ማልዶ መነሳት እንደጀመረ። ይህ ሁሉ ለሕክምናችሁ ግብዓት ነው።

ፀበል የጀመረ ሰው መድኃኒት እንዲያቆም ተነግሮት እንደሆነ ግን በግልጽ ጠይቁ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለምእመን ይህን ማስታወስ ከእናንተ ረጅም ማብራሪያ ይበልጣል። ታካሚው ከፈቀደ የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን በስልክ አነጋግሩ። ታካሚው ሳይፈቅድ ግን በፍጹም።

ጾምንም አትርሱ። ለባይፖላር ሕመም የሚሰጠውን ሊትየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጨምርና ሊመርዘው ይችላል። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ቀደም ብላችሁ ሐኪሙ ጋ ላኩት።

መስመር የምናሰምርበት ቦታም አለ። ሰው በሰንሰለት ታስሮ፣ ተገርፎ ወይም ምግብ ተከልክሎ ከሆነ አክብሮት ዝም አያሰኝም። ያደረገው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ልጁ ገደል እንዳይገባ ፈርቶ፣ የሚሄድበት ጠፍቶት ነው። በቁጣ አትጀምሩ። ፍርሃቱን ስሙ፣ ሰንሰለቱ የሚፈታበትን መንገድ ግን በዚያው ቀን ተነጋገሩ።

አብሮት የመጣውን ሰው ምን ላድርገው?

አታስወጡት። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሁሉም አብረው ይቀመጡ፣ ታላቅ ወንድሙ ይናገር፣ እናቱ ይናገሩ። ከዚያ በሁሉም ፊት፦ «ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ለብቻ እናወራለን፣ ደንባችን ነው። እሱ የነገረኝን ያለፈቃዱ ለማንም አልናገርም፣ ሕይወቱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር።» ደንብ ነው ስትሉ ማንም አይከፋውም።

የመማሪያ መጽሐፎቻችን አብዛኞቹ የተጻፉት ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከቤት በሚወጣበት አገር ነው። ሠላሳ ዓመቷ ሆኖ ከእናቷ ጋር የምትኖርን ሴት «ራሷን አልቻለችም» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ከወላጆቿ ጋር መኖር ለእሷ ሸክም ነው ወይስ ድጋፍ? ጠይቋት። «እኛ ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ እንወዳለን» ብላችሁም አትደምድሙ። ቤቱ ውስጥ የሚመታት ሰው ሊኖር ይችላል።

ብሔርና ቋንቋ

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በየቦታው ባየነው ነገር ሰው በስሙና በአነጋገሩ እየተለየ ተጎድቷል። «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእናንተ የፋይል መረጃ ነው፣ ለእሱ ግን የኬላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። «የት ነው ያደጉት? ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ታወራላችሁ?» ብትሉ የሚያስፈልጋችሁን ታገኛላችሁ።

እሱም የእናንተን ስም አንብቦ ገምቷችኋል። አንድን ነገር እየዞረ የሚያልፈው ከመሰላችሁ ራሳችሁ አንሱት፦ «እኔና እርስዎ ከተለያየ አካባቢ ነን። እኔ ፊት ለመናገር የሚከብድ ነገር ካለ ይገባኛል። ሌላ ባለሙያ ከፈለጉም አልቀየምም፣ እኔው አገናኝዎታለሁ።» ብዙ ሰው ይህን ከሰማ በኋላ ይቆያል።

አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ ከሆነ፣ በጣም የሚያመውን ነገር መጀመሪያ በቋንቋው ይበለው። አትሰሙትም፣ ችግር የለውም። ያልቅስ። ከዚያ የቻለውን ያህል በአማርኛ ይንገራችሁ።

ውጭ አገር የምትሠሩ

ሰዓትና ዘመን ብዙ ጉድ ያፈላል። እናት «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ» ሲሉ አስተርጓሚው ዘጠኝ ብሎ ከጻፈው፣ ያለጊዜ መንቃት የሚባለው የድባቴ ምልክት ጠፋ ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ንጋት ላይ ሦስት ሰዓት ነውና። «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባሉ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከመለሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሆናል። ይህን የማያውቅ መርማሪ የመርሳት ችግር አለባቸው ብሎ ይጽፋል። ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ንገሩ።

ልጅ ለወላጁ አያስተርጉም። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን መደፈር ወይም የአባቱን ሞት መመኘት አፉ ላይ ሊያመጣ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ የጤና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የሐበሻው ማኅበር ትንሽ ከሆነ ግን አስተርጓሚውም የሚያውቃቸው ሰው ይሆናል። ስሙን አስቀድማችሁ ንገሯቸውና ይምረጡ፣ ሌላ ከተማ ያለ ሰው በስልክ ቢያስተረጉም ይቀላል።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ታሪኩን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል የመጡት ቤተ እስራኤላውያን በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻቸውን መንገድ ላይና ካምፕ ውስጥ ቀብረዋል። ብዙዎች እንደደረሱ ስማቸው በዕብራይስጥ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደነበር ተጋለጠ። አንድ አዛውንት ነጭ ጋውን ሲያዩ ዝም ካሉ «ትብብር የላቸውም» ብላችሁ አትጻፉ። «ሲወለዱ የወጣልዎት ስም ማን ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ።

ከዓረብ አገር የተመለሰች

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። ተመላሽ ስትመጣ አእምሯችን ቀድሞ «ተደፍራለች፣ ተደብድባለች» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን እሷን ሌሊት የሚያነቃት ለዓመታት የላከችው ብር ባክኖ መገኘቱ፣ ቤት ይሠራልሻል ያላት ወንድሟ ዓይኗን ማየት አለመቻሉ ሊሆን ይችላል። «አሁን በጣም የከበደሽ ነገር ምንድን ነው?» በሉና ዝም በሉ። ስለ ጥቃቱ ራሷ ስትፈልግ ታወራለች።

ሐዘንና ሞትን መመኘት

ሰው ሲሞትበት ወለል ላይ መተኛት፣ ደረት መምታት፣ የሟችን ድምፅ መስማት በራሱ ሕመም አይደለም። አርባው ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱ አልፎ ሰውየው ወደ ሥራውም ወደ ሰውም ካልተመለሰ ያኔ ጠለቅ ብላችሁ እዩ። ስደት ላይ ያለ ሰው ከሆነ ለቅሶ ደርሶ ነበር ወይ በሉ። መርዶው ወራት ቆይቶ የተነገረው ብዙ ነው፣ እርም ያላወጣ ሰው ሐዘኑ ውስጡ ይቀራል።

«ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» የሚለውን መጠየቅ አለባችሁ፣ መዝለል የለም። ግን ኃጢአት ነው፣ በኦርቶዶክስ ልማድ ፍትሐት ያስከለክላል፣ ቤተሰብንም ያሳፍራል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ግቡ፦ መኖር ሰልችቶዎት ያውቃል? ምነው ፈጣሪ በወሰደኝ ብለው ያውቃሉ? ከዚያስ በራስዎ እጅ? እንዴት አድርገው? «እኔ እግዚአብሔርን እፈራለሁ» ብሎ ከመለሰ «አዎ፣ እሱ ይዞዎታል፤ ግን ሐሳቡ ይመጣል?» በሉ። የመጀመሪያው መልስ ላይ አትቁሙ። አዎ ካለ ብቻውን አትልቀቁት።

በመጨረሻ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሊያልቅ ሲል አሥር ደቂቃ አስተርፋችሁ ይህን ጠይቁ፦ «ቤት ሲገቡ የት ነበርክ ቢሉዎት ምን ይላሉ?» አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወይም ሳይኮሎጂስት ጋ ሄደ መባል ትዳር የሚያሰናክል ነገር ሆኖ የሚታይበት ቤት ብዙ ነው። መልሱን አብራችሁ አዘጋጁ፣ ለማን እንደሚነግር ለማንስ እንደማይነግር ይወስን፣ ስልክ ስትደውሉም ከየት ነኝ ብላችሁ እንደምትሉ ተስማሙና ፋይሉ ላይ ጻፉት።